ከሂሳብ የወጣው ክፍል

ልጄ፣ የረገጥሽው መሬት ይለምልምልሽ፤ የምትውዪበት ሁሉ የደግ ሰው ቤት ይሁንልሽ። እንደምን ከረምሽልኝ? እኛ ከብርዱና ከእኔ ንዴት በቀር ደህና ነን።

የላክሽው የማሞቂያ ባለሙያ ትናንት መጣ። ቤቱን ለማሞቅ ምን ያህል ማሞቂያ እንደሚበቃ ሊገምት ከሳሎን ጀመረ። ሥራውንስ ያውቃል። ርዝመትና ስፋቱን ለካ፣ ኮርኒሱን ቀና ብሎ አየ፣ በመስኮቱ ንፋስ ይግባ አይግባ በመዳፉ ዳሰሰ። አባትሽም ሥራ አገኘሁ ብሎ የሜትሩን ጫፍ ይዞ ይከተለዋል። ያንቺ ክፍል ጋ ሲደርሱ ግን ሰውየው በሩን ሳይከፍት አለፈው። «ይሄስ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እሱ ሂሳብ ውስጥ አይገባም እማማ፤ ሰው የለበትም ብላኛለች ልጅዎ» አይለኝ መሰለሽ።

ደሜ ፈላ። አልጋሽ እንደተነጠፈ፣ ጃኬትሽ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ፣ ማን ነው ሰው የለበትም ያለሽ? ለወጪያችን አስበሽ ከሆነ እንዲህ ያለው አሳቢነት ይቅርብን። አባትሽ «ልክ ናት» ሊል አፉን ከፍቶ፣ ፊቴን ሲያይ መልሶ ዘጋው። አፋጥጬ ስይዘው ባለሙያው ራሱ አመነ፤ ሳይሞቅ የተዘጋ ክፍል በግድግዳው በኩል የጎረቤቱን ክፍል ሙቀት ይወስዳል። ጎረቤቱ ደግሞ የእኛ መኝታ ቤት ነው። አንቺን ብንተው የሚበርደን እኛው ነን ማለት ነው።

ስለዚህ አስለካሁት። «ስንት ሰው ያድርበታል?» ሲለኝ፣ «አንድ» አልኩት።

ፈጣሪ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ ጤና አይንሳሽ። ቢሆንልሽ ብርዱ ሳይወጣ ብቅ በይና ውሸታም አታድርጊኝ።

እናትሽ