ካሜራዬን በነጻ አፕዴት ስላደረጉልኝ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የካሜራና የካሜራ ዕቃዎች ብቸኛ ሕጋዊ ወኪል ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
በትምህርት ቤት ስማቸው ሎጋው፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤና፣ እንደዚሁም በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው የሚኖሩትን የኦርጅናል ባትሪዎችዎን ደኅንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ደኅና ነኝ የምለው ግን ጨዋ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው እንጂ፣ ንዴቱ እንቅልፍ ከነሣኝ ሰንብቷል። አንድ ክፍል አብረን ተምረን፣ ከኋላ ወንበር ሆነው በወረቀት ጥቅልል ማጅራቴን እየመቱ ያደጉ ሰው ነዎትና «አንተ» ብልዎት የሚፈርድብኝ አልነበረም፤ ነገር ግን አንቱታ ለወንበር ነውና ለወንበርዎ ስል አከብርዎታለሁ። ነገሩን ወደ አደባባይ ያወጣሁትም በግል ለጻፍኩልዎት ደብዳቤ «ለደንበኞቻችን ደኅንነት ሲባል» የሚል የአንድ መስመር መልስ ስለሰጡኝ ነው።

ሌላውም አንባቢ እንዲያውቀው፣ እኔ የአንዲት ክፍል ፎቶ ቤት ባለቤት ነኝ። ጉርድ ፎቶ አነሣለሁ፤ ምርቃትና ሠርግ ሲገኝም ካሜራዬን አንግቤ እወጣለሁ። ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፦ በሱቅዎ በር ላይ ስለለጠፉት «ርካሽ ገዝተው አይዋረዱ» የሚል ምክር አመሰግናለሁ። እኔ ግን ርካሽ አልገዛም፤ መርጬ እገዛለሁ። ፎቶው የሚያድርበት ሜሞሪ ካርድና ባትሪ የሚሞላው ቻርጀር ላይ ቆጥቤ አላውቅም፤ ሁለቱንም የጠየቁኝን ከፍዬ ከእርስዎ ዘንድ ወስጃለሁ። ለማንገቻው፣ ለቦርሳው፣ ለሌንስ ክዳኑ ግን የድርጅትዎን ስም አንገቴ ላይ ለማንጠልጠል ብቻ እጥፍ የምከፍልበት ምክንያት አልታየኝም። የካሜራውን መቆሚያም ስገዛ ከባዱን ቦርሳዬን ሰቅዬበት ካልተንገዳገደ ይበቃኛል። ባትሪዎቹንስ ቢሉ፣ የሙያ ባልደረቦቼን ጠይቄ፣ ስም ያለው ሌላ ፋብሪካ የሠራቸውን ለይቼ፣ ሥራ ላይ ሳይወጡ ቤት ውስጥ እየሞላሁና እየጨረስኩ፣ ሙቀታቸውን በጉንጬ እየለካሁ ፈትኛቸዋለሁ፤ ዓመት አብረውኝ ሲሠሩም አንድ ቀን አላሳፈሩኝም። እርስዎ ፎርጅድ ይሏቸዋል። ፎርጅድ የሰው ስም ለጥፎ የሚሸጥ ነው፤ የእኔዎቹ የአባታቸውን ስም ግንባራቸው ላይ ጽፈው የሚሄዱ ናቸው።

ሁለተኛ፦ ስለ ስጦታዎ። ሁላችንንም ፊደል ያስቆጠሩን መምህራችን ዓይናቸው እየደከመ መሆኑን፣ ሐኪሙም ተስፋ እንዳልሰጣቸው ያውቃሉ። እሳቸውም የለመኑን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ብርሃናቸው ሳይጠፋ ተማሪዎቻቸው በአንድ ፎቶ ላይ ተሰብስበው፣ ግድግዳ በሚያህል ወረቀት ታትሞላቸው፣ የእያንዳንዱን ፊት ጠግበው ሊያዩ። ለዚህ ሥራ ካሜራዬ ንጹሕ ይሁን ብዬ ለጽዳት ወደ እርስዎ ይዤው መጣሁ። ሠራተኞችዎ አጸዱልኝ፣ ገንዘቤን ተቀበሉኝ፣ ሲመልሱልኝም ሳልጠይቃቸው የካሜራዬን የውስጥ ፕሮግራም በነጻ አፕዴት እንዳደረጉልኝ በፈገግታ ነገሩኝ። እኔም መርቄያቸው ወጣሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለካ ለእኔ ኖሯል።

ሦስተኛ፦ ስለዚያ ቅዳሜ። መምህራችን ግቢያቸው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እንደ ድሮው ስም እየጠሩ፣ ሰውን ሁሉ በክፍል አቀማመጡ አሰለፉ። እርስዎን በቁመትዎ ከኋላ ረድፍ መካከል አቆሙዎት። ከክፍላችን ልጆች ነርስ የሆነችው ተራዋን ለሌላ ሰጥታ፣ የጭነት መኪና ሹፌር የሆነውም ጭነቱን መንገድ ላይ አቁሞ፣ ሁለቱም ከሩቅ አገር መጥተዋል። ካሜራዬን ስከፍት «ይህ ባትሪ ለዚህ መሣሪያ የተሠራ አይደለም» የሚል ጽሑፍ አሳየኝና ተዘጋ። ሌላውን ከተትኩ፤ ያው ነው። የቀረኝ ከካሜራው ጋር አብሮ የመጣው የእርስዎ ኦርጅናል ነበር፤ ሱቅዎ ውስጥ የሞከሩልኝም በእሱ ስለነበር ስጦታዎ ምን እንዳደረገኝ እስከዚያች ደቂቃ አላወቅሁም። እሱ ደግሞ አርጅቶ አብጧልና ዓይኑን ገልጦ ሰውን አየና ተመልሶ ተኛ።

በስልክ አትነሡም ነበር ወይ የሚል አንባቢ አይጠፋም። ተነሥተናል። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው በስልክ ተነሥቶ ግድግዳ እስኪያህል ሲታተም ፊቱ እንደ ረጠበ ጋዜጣ ይሆናል፤ መምህራችንም የሚታያቸው ጉልህና ጥርት ያለው ብቻ ነው።

አራተኛ፦ ስለ ደግነትዎ። በዚያች ሰዓት እርስዎ ከኋላ ረድፍ ሆነው፣ ርካሽ ዕቃ ባለቤቱን እንደሚያዋርድ ሁሉም እንዲሰማ አስተማሩን። የሳቀም ነበር። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መምህራችን ግን አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ኪስህ ውስጥ የምታቅጨለጭለው ቁልፍ የሱቅህ ከሆነ፣ ሱቁ እዚህ ማዶ ነውና አንድ ባትሪ አምጣላትና እንነሣ» አሉዎት። እርስዎም መጣሁ ብለው ወጡ። ጠበቅንዎት። ጥላው ግቢውን እስኪሞላው ድረስ ማንም ከተሰለፈበት ሳይነቃነቅ ጠበቅንዎት። በመጨረሻ ስደውልልዎ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከመስታወቱ ሣጥን ዕቃ ለማውጣት የንብረት ክፍል ፊርማ እንደሚያስፈልግና ሰኞ ብመጣ ግን ቅናሽ እንደሚያደርጉልኝ ነገሩኝ። የራስዎ ሱቅ፣ የራስዎ ቁልፍ፣ የራስዎ መምህር። ሹፌሩ ወደ ጭነቱ፣ ነርሷም ወደ ሕሙማኗ ሄዱ።

አምስተኛ፦ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ተሰበሰብን። ከመንገድ ማዶ ያለው ተፎካካሪዬ፣ በደኅናው ቀን ሰላምታ እንኳ የማንለዋወጥ ሰው፣ የእኔውን ዓይነት ካሜራ አዋሰኝ፤ በእርስዎ ደጃፍ አልፎ የማያውቅ በመሆኑ ስጦታዎ አልደረሰውም። ፎርጅድ ያሏቸውን ባትሪዎች ከተትኩበት፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቃስቱ ሠሩ። እንግዲህ የአብዬን ወደ እምዬ ልክክ ካልሆነ በቀር፣ ጥፋቱ የባትሪው ሳይሆን የስጦታዎ መሆኑን ልጅም ይረዳዋል። ነርሷና ሹፌሩ ግን ሊመለሱ አልቻሉም። በእነዚያ ሳምንታትም የመምህራችን ዓይን ይበልጥ ጠብቦ ከዳር ያለውን መያዝ ተወ። ለእርስዎ ሦስት ሳምንት አንድ ባትሪ ሳይሸጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ ለእሳቸው ግን ዓይን ነው። ይህን በጻፍኩ ቁጥር ስድብ አፌ ላይ ይመጣል፤ ያሳደጉን እሳቸው ናቸውና መልሼ እውጠዋለሁ።

ስለዚህ ካሜራዬን ያንን ስጦታ ሳይለግሱኝ በፊት እንደነበረ አድርገው እንዲመልሱልኝ፣ ወደፊትም ለማንም ሰው ስጦታ ከመስጠትዎ በፊት ፈቃዱን እንዲጠይቁ በትሕትና አመለክታለሁ። የበሩን ማስታወቂያ ማንሣት አያስፈልግዎትም፤ የተዋረደው ማን እንደሆነ አላፊ አግዳሚው እያነበበ ይፍረድ።

ንግድዎ እንዲሰፋ፣ መስታወትዎ እንዳይሰበር፣ ቁልፍዎም ከኪስዎ ወጥቶ ድንገት ለሰው እንዳይጠቅም እየተመኘሁ፣ እስከ መሬት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የፊት ወንበር ተማሪዋ፣
ባለ አንዲት ክፍሏ ፎቶ አንሺ

ግልባጭ፦
ለነርሷ፣ ለሹፌሩ፣ ከመንገድ ማዶ ላለው ተፎካካሪዬ

ሳልረሳው፦ ፎቶው ታትሞ በመምህራችን አልጋ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ለሁለተኛ ጊዜ በተሰበሰብንበት ቀን፣ መምጣት አልቻልንም ብለው የላኩት ሰዎች ቦታ ሲዘጋ፣ ከኋላ ረድፍ መካከል ያለው የእርስዎ ስፍራ ግን ክፍት እንዲተው ያዘዙት እሳቸው ናቸው፤ መጣሁ ብሎ የወጣ ተማሪ ቀርቷል አይባልም አሉ። አሁን በሄድኩ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ወረቀቱ አስጠግተው፣ እያንዳንዱን በጣታቸው እየነኩ ስም ሲጠሩ አገኛቸዋለሁ። ክፍቱ ቦታ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ይቆምና ሎጋው መጣ ወይ ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔም ባትሪ ሊያመጣ ሄዷል እላቸዋለሁ። እስከ ዛሬ ቀሪ አላሉዎትም።