አባ ደጋግመው የጠየቁሽ

ጎንደር፣ ጥር 1952 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ፤ ትክል ድንጋይ።

እንዴት ከረምሽ? ያ ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ከዳገቱ ጋር ታርቃችኋል ወይስ አሁንም እንደተኳረፋችሁ ናችሁ? ላሟ ሸጋ ጥጃ መውለዷን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የላክሽልኝ ድርቆሽ ደርሶኛል፤ ጎረቤቶቼ አብረውኝ ጨረሱት። እኔ በጸሎትሽ ደኅና ነኝ፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለኝ የለም።

ይህን የሚያነብልሽ አባ ወልደ ዮሐንስ እንደሚሆኑ አውቃለሁ፤ በሰፈሩ ደብዳቤ የሚያነብ ሌላ የለሽም። ስለዚህ አባ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ መስቀልዎን ከሩቅ ተሳልሜአለሁ። የምጽፈው ነውር ቢመስልዎም ሳይዘሉ ያንብቡላት፤ አደራ።

ሥራህ ምንድን ነው ብለሽ ልከሽብኝ ነበር። ለአንድ የውጭ አገር ሐኪም አስተርጓሚ ሆኜ አገር ለአገር እዞራለሁ። ሰውየው ወባና ቁስል አይመረምርም። አእምሮው የታመመውን፣ በገዛ እጁ የሞተውን፣ አግብቶ ከሚስቱ ጋር መሆን ያቃተውን ነው እየዞረ የሚያጠናው። መጀመሪያ ሰሞን ይህን ለሽማግሌ ሳስተረጉም ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ሁልጊዜ «አያ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብዬ ነው የምጀምረው። አያ ዳኛው የሚባሉ ሽማግሌማ፣ ይህን ፈረንጅ ምነው እናቱ ነውር አላስተማረችውም ብለው ከነማኪናችን አባረሩን።

ግን እናቴ፣ ሐኪሙ በጠየቀ ቁጥር እኔ የምሰማው የወንድሜን የክንዱን ነገር ነው። እንቅልፍ አጥቶ ነበር ወይ ይላል። እህል ተወ ወይ? ከሚስቱ ራቀ ወይ? አፌ ያስተረጉማል፤ ልቤ ክንዱ ዘንድ ይሄዳል። ሚስቱ ወለላ ባል አላገኘሁም ብላ ወደ አባቷ ቤት ስትመለስ፣ አስረውት ነው፣ መተት ነው ተባለ። እሱ ግን ከሰርጉም በፊት ነበር ከመካከላችን መጥፋት የጀመረው። ለፋሲካ ስመጣ፣ ያ ጨዋታው የማይጠገብ ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ውሎ፣ እንደተደገፈ መሸበት። ሐኪሙን ብጠይቀው እንዲህ ያለ የሐዘን በሽታ አለ አለኝ። እንቅልፍንም፣ እህልንም፣ ወንድነትንም ይወስዳል፤ በመጨረሻ ሰውየውን ራሱን ይወስዳል፤ የሰው ተንኮልም ስንፍናም አይደለም አለኝ። ምነው ያኔ ባወቅሁ፤ ክንዱ በገዛ እጁ ከሞተ ይኸው ሁለት ክረምት አለፈ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ባለፈው ወር አይከል ሄደን ነበር። እዚያ አንድ ሽማግሌ ቄስ ለሐኪሙ ሲያስረዱት፣ ራሱን ያጠፋ ሰው ፍትሐት የለውም፣ ከቅጥር ውጭ ይቀበራል አሉት። አእምሮው ታሞ ከሆነ ግን ያደረገው በሽታው ነውና እንፈታዋለን፤ ለዚህ ብለን አብሮት የኖረውን ቤተ ሰብ እንጠይቃለን፤ እናቱ «አዎን፣ ታሞ ነበር» ካለችን ይበቃናል አሉ። ሐኪሙ፣ እናቱ እንቢ ብትልስ ቢላቸው፣ አንዴ ብቻ መች እንጠይቃታለን፣ እስክትናገር ደጋግመን ነው እንጂ አሉት። ይህን ማስተርጎም አቃተኝ። ሐኪሙ የታመምሁ መስሎት ውኃ ሰጠኝ።

ትዝ ይልሻል? ቃሬዛው ደጅ ነበር። አባ መጽሐፋቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ልጅሽ ሕመም ነበረበት ወይ አሉሽ። ልጄ ጤነኛ ነው አልሽ። ይተኛስ ነበር ቢሉሽ፣ እንደ ሕፃን አልሽ። እህልስ ይቀምስ ነበር ቢሉሽ፣ ከእኔ በላይ አልሽ። እስኪ ልጄ አስቢ፣ ምንም አልነበረበትም ወይ ብለው እንደገና ጠየቁሽ። በዘራችን እንዲህ ያለ የለም ብለሽ ጮኽሽባቸው። እኔም ለቀብሩ ደርሼ ከጎንሽ ቆሜ፣ ይህ ሰውዬ ሐዘንተኛ ይመረምራል ወይ ብዬ ጥርሴን ነከስሁባቸው። አባ መጽሐፋቸውን ሳይገልጡ ሄዱ። ክንዱ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከወይራው ማዶ ያለ ጸሎት አፈር ገባ። ከዚያ ወዲህ መስቀላቸውን አልተሳለምሁም።

አባ የክንዱ የነፍስ አባት ነበሩ። የነገራቸው ነገር ቢኖር የንስሐ ቃል ነውና ከአፋቸው አይወጣም። ስለዚህ ካንቺ አፍ አንዲት ቃል ይለምኑ ነበር። እኛ የሚከሱን መስሎን ባዶ እጃቸውን መለስናቸው።

እንዲያ ያልሽው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። እኅቴ እንኳየሁ ታጭታ ነበር። የእብድ እኅት ተብላ እንዳትቀር ፈራሽ። የሞተውን ትተሽ ያለችውን ያዝሽ፤ ልጅ ያላት ማን ይፈርድብሻል? ግን ስሚኝ። ባሏን ነጋን ገበያ አግኝቼ ሁሉን ነገርሁት። ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን፣ የክንዱን መታመምማ ሽማግሌ ሳልልክም አውቅ ነበር፣ አገሩም ያውቅ ነበር፣ እኔ የፈለግሁት እሷን ነው አለኝ። በሰው መካከል አለቀስሁ። ለማን ብለን ነው የደበቅነው?

እኔ ልመስክር ብል ከተማ ነበርሁ፤ ቃሌ አይበቃም። ሌሊት ወጥቶ ሲጠፋብሽ ፈልገሽ የመለስሽው፣ ጉርሻ ይዘሽ ስትለምኚው የዋልሽው አንቺ ነሽ። የአይከሉ ቄስ፣ ዛሬም ቢሆን ይፈታል፣ አፅሙም ወደ ቅጥሩ ይፈልሳል ብለውኛል። ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ መቃብሩን ላለማየት በበታች በኩል፣ በዚያ ዳገት እንደምትዞሪ አይቼሻለሁ። ጉልበትሽን የጨረሰው ያ መንገድ ነው።

አባ፣ እዚህ ላይ ንባቡን ያቁሙልኝ። ወረቀቱን ያስቀምጡና ያኔ የጠየቋትን አሁን እንደገና ይጠይቋት። የቀረውን ከመለሰችልዎ በኋላ ያነቡላታል።

እናቴ፣ ያሳደገኝ አፍሽ ክፉ አይንካው፤ እመብርሃን ታጽናሽ፤ ዕድሜሽን ከልጅ ልጆችሽ ጋር ታርዝምልሽ። ሁዳዴ ሳይገባ እመጣለሁ። ቤተ ክርስቲያን በወይራው በኩል አብረን እንሄዳለን፤ እሱ ይቀርባል።

ልጅሽ፣
የክንዱ ታናሽ