ቀዳዳውን የሸፈነው ባነር

ሰኞ
ጥፋተኛዋ ትዕግስት ናት። ሌላ ማንንም አልወቅስም። ትናንት ከትፈን ያሰጣነው ቲማቲም ሌሊት በጣለው ዝናብ ረጥቦ፣ ተበላሽቶ ዛሬ ጠዋት አገኘነው። የማድረቂያ ቤታችን የላስቲክ ጣራ ከተቀደደ ቀናት አልፈዋል። መቂ ላይ ገዢ ያጣ ቲማቲም አዳማ አምጥተን፣ አድርቀን የምንሸጥ ሴቶች ነን። ክረምቱ ሳይገባ ጣራው ካልተቀየረ ሥራችን አበቃለት።

ትዕግስት ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልጅ ናት፤ ድርጅቱን ያቋቋመችው እሷ ናት። ቀዳዳውን ምን አደረገችው? ከውስጥ በኩል ባነር ሰቀለችበት። ሳለቅስ የተነሳሁት ፎቶ ያለበትን! "ሐሙስ ለጋሿ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ቀዳዳ ካዩ ሥራ የማንችል ይመስላቸዋል" አለች። ውሃው በጎን ይወርዳል።

ማክሰኞ
ባነሩን አነበብኩት። "ምንም ያልነበራት እናት" ይላል። አምና ሲሰቀል ፊደል አልለይም ነበር። ምን ይላል ብላት "ጠንካራ እናት ይላል" ብላኝ ነበር። ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷው ናት። አንብቤ እንደምደርስበት አላሰበችም?

ምንም ያልነበራት! ጉሊት ነበረኝ። ልጆቼን ያሳደግሁት በእሱ ነው።

ረቡዕ
እንግዳ ሊመጣ ሲል ሥራ ይቆምና ልምምድ ነው። "እማማ ፋንታዬ፣ ባለቤትዎ የሞቱ ጊዜ የሆነውን ሲያወሩ ትንሽ ቀስ ይበሉ" አለችኝ ትዕግስት። አብራን የምትሠራው ሐዋ ከኋላ ሆና "ቀስ በይ ፋንቱ፣ እንባሽ ካሜራው ሳይደርስ እንዳያልቅ!" አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ከነከነኝ።

እውነቱን ልጻፍ። ይህ ቤት የተሠራው ባለፈው በመጡት እንግዶች ፊት ስላለቀስኩ ነው። ነገ ባላለቅስ ገንዘቡ ቀርቶ ጣራውን እናጣው ይሆን?

ሐሙስ
ለጋሿ መጡ። ትዕግስት "ይንገሯቸው እማማ" አለችኝ። ተነሳሁ። ወንበር ላይ ወጥቼ የባነሩን ገመድ ፈታሁት። ፊቴ ተጣጥፎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሰማዩ ታየ። "የሚያስፈልገን ጣራ ነው" አልኩ።

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩና ወደ ትዕግስት ዞሩ። "ለምን አልነገርሽኝም? ያላወቅሁትን እንዴት ልደግፍ?" ከዚያ ምርታችንን ማን እንደሚገዛ፣ ጣራው ቢሠራ ያለ እርዳታ መቆም እንችል እንደሆነ ጠየቁን። ስለ ባለቤቴ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። "እናስብበታለን" ብለው ሄዱ።



ዓርብ
ጠዋት ዳመነ። ትዕግስት መሰላል ተሸክማ መጣች። "እማማ፣ መልስ እስኪሰጡን በምን እንሸፍነው?" አለች፤ ዓይኔን ሳታይ። ባነሩን አነሳሁላት። ሸራው ወፍራም ነው፣ ውሃ አያሳልፍም።

ሐዋ ጣራው ጋ ወጣች። "ፋንቱ፣ ፊትሽን ወደ ላይ ላድርገው ወደ ታች?"

"ወደ ላይ። ጽሑፉን ዝናቡ ያንብበው።"

ትዕግስት ሳቀች። ከዚያ "ያን ጊዜ ባነሩ የሚለውን ልነግርዎት አፍሬ ነው" አለችኝ።  ከጎኗ ሆኜ መሰላሉን ያዝኩ።

ከሰዓት ዘነበ። ቲማቲሙ አልረጠበም። ከሴትዮዋ ገና ወሬ የለም፤ ጣራውን ይስጡን አይስጡን አላውቅም። ለትዕግስት ግን ቁርጡን ነግሬያታለሁ። ሥራችንን አሳያለሁ፣ የጠየቁኝን እመልሳለሁ። ለእንግዳ ግን ከእንግዲህ አላለቅስም።