መርከብ ሊያርፍበት ስለማይችለው የላሶሮ ባሕር ዳርቻ

ለክቡር ሓጂ ላ ኦዴ ሙህዳር
የወረዳው የወደብና የባሕር ጉዞ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላህ። ክቡርነትዎ ከመላው ቤተሰብዎ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞችና ጠረጴዛዎ ላይ ከተደረደሩት ማኅተሞች ጋር ደኅና እንዲሆኑልን የላሶሮ ደሴት ሕዝብ ምኞት ነው። ባለፈው ጊዜ ወደ እኛ መጥተው ከጀልባ ሲወርዱ ያ የሚያምረው ቆዳ ጫማዎ ውኃ ገብቶበት ስለነበር፣ ጉንፋን ይዞዎት ይሆን እያልን ስንጨነቅ ሰንብተናል።

እኔ ዋ ማራይዳ እባላለሁ፤ የባሕር አረም አምራች ሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ደብዳቤ የጻፍኩልዎ ሴት እኔ ነኝ። ይህ አራተኛው ሲሆን፣ መሳቢያዎ እንዳይጨናነቅ በማሰብ በጋዜጣ እንዲወጣ አድርጌዋለሁ።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። ሦስቱንም ጊዜ ሳይሰለቹ መልሰውልኛል፤ ያውም አንድ ቃል ሳይቀይሩ፦ «የላሶሮ ባሕር ዳርቻ በተፈጥሮው ምንም ዓይነት መርከብ ሊያርፍበት ስለማይችል ጥያቄው ተቀባይነት የለውም።» የጠየቅነው በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ጊዜ ሰውና ዕቃ የምትጭን የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባ ብቅ እንድትልልን ነበር። ሁለተኛው መልስዎ እጄ የገባው የእህቴን ልጅ ዋ ሂንዱን በቀበርን በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ምጥ ጠንቶባት፣ በዓሣ ማስገሪያ ጀልባ አሳፍረን ወደ ወረዳው ሆስፒታል ስንወስዳት፣ የአራት ሰዓቱን መንገድ እኩሌታ ሳንደርስ እጄ ላይ ሞተች። በዚህ ጉዳይ የምቀልደው ቀልድ የለኝም፤ ስለዚህ ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ።

አንደኛ፦ መርከቧ ደብዳቤዎን ሳታነብ መምጣቷ። አገራችን በገዛ ልጆቿ እጅ ከምትሠራቸው፣ አፍንጫቸውን አሸዋ ላይ አሳርፈው ፊታቸውን እንደ በር ከሚከፍቱት የባሕር ኃይል ማመላለሻ መርከቦች አንዷ፣ የውኃ ጉድጓድ መቆፈሪያ መኪና ልታወርድልን ባሕሩ ጢም ብሎ በሞላበት ረፋድ ላይ ከች አለች። መቶ ሃያ ሜትር ርዝመቷን ይዛ፣ ምንም ዓይነት መርከብ ሊያርፍበት በማይችለው ዳርቻ ላይ በሩብ ሰዓት ውስጥ አረፈች። እንዲህ ያለ ድፍረት እርስዎን እንዳስከፋዎ እናውቃለን።

ባለቤቴ ላ ጃፋሪ እነዚህ መርከቦች በሚሠሩበት ጃቫ ደሴት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት በያጅ ሆኖ ሠርቷል፤ ዓይኑ ሊጠፋ የቀረው ትንሽ ነው። የፊቱ በር እንደ ድልድይ ሲዘረጋ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ማጠፊያውን በእጁ ይዳብስ ጀመር፤ ከዚያም «ይቺን የበየድኳት እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። መርከበኞቹ «አባባ፣ ብረት ሁሉ አንድ አይደል እንዴ? በምን አወቁ?» ብለው ሳቁበት። «የእኔ ብየዳ መጨረሻዋ ላይ ወደ ግራ ትጎብጣለች። በእሷ የተነሳ አለቃዬ ያልሰደበኝ ስድብ የለም» አላቸው። አጎንብሰው ቢያዩ እውነትም ወደ ግራ ጎብጣለች። ሰውዬው ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ አልቻል ብሎኛል፤ ይህንንም እንደ ቅሬታ ይመዝግቡልኝ።

ሁለተኛ፦ ክቡርነትዎን ስለ መጠበቅ። መኪናውን አውርዶ ለመሄድ አንድ ሰዓት ይበቃ ነበር። እርስዎ ግን የበላዮችን አስፈቅደው ኖሮ፣ «ሪባኑን ሳልቆርጥ አንድ ጎማ መሬት እንዳይነካ» የሚል መልእክት በሬዲዮ አስተላለፉ። አዛዡ ኮማንደር ዊራታማ በትሕትና «ክቡርነትዎ፣ ባሕሩ እየሸሸ ነው» ቢሉዎት፣ «እንግዲያው ባሕሩን ‹ትንሽ ጠብቀን› በሉታ!» ብለው መለሱ። ሬዲዮው ኃይለኛ ስለሆነ ሁላችንም ሰምተናል። ትእዛዝዎን ለባሕሩ ነግረነዋል፤ ሰው አክባሪ ሆኖ ስላላደገ ሄደ።

ከአራት ሰዓት በኋላ ደረሱ። ስለ ጽሕፈት ቤትዎ ያላሰለሰ ጥረት ግማሽ ሰዓት ያህል ንግግር አደረጉ፤ ሪባኑን ቆረጡ፤ ፎቶ ተነሱ፤ በትንሿ ጀልባዎ ተመለሱ። መርከቧ ግን ደረቅ አሸዋ ላይ ተጋድማ ቀረች፤ ባሕሩ ዳግመኛ እንደዚያ እስኪሞላ አሥራ አምስት ቀን መጠበቅ ግድ ሆነ።

ሦስተኛ፦ በነዚያ ቀናት በትዳራችን ላይ የደረሰው ጉዳት። መርከበኞቹ የበሉበትን ሳህን ራሳቸው ያጥባሉ። ይህንን የላሶሮ ሚስቶች ሁሉ ቆመው አይተዋል። አሁን ባሎቻችን ኩርፊያ ላይ ናቸው። ካሶአሚ የምንለውን በእንፋሎት የሚበስል የካሳቫ ዳቦ ያስለመድናቸው እነዚያው ወጣት መርከበኞች ደግሞ «እማማ፣ ሆዳችን ውስጥ ሲሚንቶ ሆነ» እያሉ ያማርሩና ሦስተኛ ቁራሽ ይጠይቁ ነበር። የመርከቧ ወለል የጋለ ብረት ስለሆነ የባሕር አረማችንን በሙሉ እዚያ አሰጣንበት። ኮማንደሩ የጦር መርከባቸውን እንደዚያ አረንጓዴ ሆና ሲያዩ ራሳቸውን ይዘው «ይህን አለቆቼ እንዳያዩ፣ እባካችሁ!» ከማለት በቀር ምንም አላሉም።

አራተኛው በእርግጥ ቅሬታ አይደለም፤ ግን ማወቅ አለብዎ። በሰባተኛው ቀን የጎረቤቴ ምራት ዋ ኒሲ ምጥ ከያዛት አንድ ቀን አልፏት ነበር። አዋላጃችን ዋ ሶፔ ሆዷን ዳስሳ «ልጁ በጎኑ ነው የተጋደመው» አለች። ዋ ሂንዱንም ዳስሳ ያለችው ይህንኑ ነበር። ነፋሱ ከምዕራብ ነው፤ በዚያ ማዕበል ጀልባ አይወጣም። እኔ ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ያኔ ላ ጃፋሪ ወደ መርከቧ ሮጠ፤ የስልሳ ስድስት ዓመት ሰው ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ስምንት መርከበኞች ዋ ኒሲን በሳሮንግ ሽርጥ ተሸክመው በዚያች ወደ ግራ በጎበጠች ብየዳ ላይ አሳለፏት። የመርከቧ ሐኪም ዶክተር ቲዩር የምትባል ቀጭን ወጣት ናት። እጇን እየታጠበች «እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ እስካሁን ትርፍ አንጀት እንጂ ሕፃን አውጥቼ አላውቅም» አለቻት ዋ ሶፔን። ዋ ሶፔም «እኔ ደግሞ ከሕፃን በቀር ሌላ አውጥቼ አላውቅም፤ በይ ተጋግዘን እንሥራው» አለቻት። እኛ በር ላይ ቆመን ቁርኣን የምንቀራው እንቀራለን፣ ክርስቲያኖቹ መርከበኞችም በየራሳቸው ይጸልያሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የልጅ ጩኸት ተሰማ፤ ሴት ናት። እናትየዋም ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ የተናገረችው «ማነው እዚህ የባሕር አረም ያሰጣው? ሽታው ገደለኝ» የሚል ነበር። እኔ ሳቄንና ልቅሶዬን መለየት አቃተኝ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ማለዳ ባሕሩ ሞላ። ደሴተኛውም መርከበኛውም አካፋ ይዞ በዙሪያዋ ያለውን አሸዋ ሲቆፍር ከርሞ ስለነበር፣ መርከቧ ቀስ ብላ ተንቀሳቀሰችና ተንሳፈፈች፤ ደሴቱ በሙሉ እልል አለ። ኮማንደር ዊራታማ ግን ሥራ ፈትተው አልከረሙም። ዳርቻውን በየቀኑ እያስለኩ፣ ጥልቀቱን፣ ተዳፋቱን፣ የአሸዋውን ዓይነት ጽፈው ፈርመውበታል፤ መደምደሚያው «በሰዓቱ ለሚመጣና በሰዓቱ ለሚሄድ ማንኛውም መርከብ እጅግ ምቹ» ይላል። ወረቀቱን የላኩት ለእርስዎ ሳይሆን በቀጥታ ለክፍለ ሀገሩ ነው፤ ሥራ እንዳያበዙብዎ አስበው ይመስለኛል።

ማመላለሻዋ ጀልባ በክፍለ ሀገሩ ትእዛዝ ባለፈው ሐሙስ መጣች። ሰባ ሁለት ሰው፣ አንድ ፍየልና የሁለት ወር ሕፃኗን ለክትባት ይዛ ዋ ኒሲ ተሳፈሩባት። እኔም የዋ ሂንዱን እናት እጇን ይዤ ዳርቻው ላይ ቆሜ ነበር፤ ጀልባዋ ከዓይናችን እስክትጠፋ በዓይናችን ሸኘናት።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ በጎ ነገር ያገኘነው በእርስዎ መዘግየት ምክንያት መሆኑን ዘንግተን ውለታ ቢስ እንዳንባል፣ በማኅበሩ ስም ከልብ የመነጨ ምስጋናችንን እየገለጽን፣ አላህ ረጅም ዕድሜና አጭር ንግግር እንዲሰጥዎ እንለምናለን።

መልስ ባይጽፉልኝ ፈጽሞ የማልቀየመው፣
ዋ ማራይዳ
ላሶሮ ደሴት

ማስታወሻ፦ የእርስዎን ጀልባ የሚነዳው ላ አኔ ከሰኞ ጀምሮ በማመላለሻዋ ላይ ሥራ ጀምሯል። ፊት ለፊት ሊነግርዎ ሁለት ሳምንት ቢሮዎ ደጃፍ ተቀምጦ ሊያገኝዎ ስላልቻለ፣ የመልቀቂያ ደብዳቤውን ከዚህ ጋር አያይዤልዎታለሁ።