ሄርሞን ባሕር ያልገባችበት ሳምንት

ጥር 22 ቀን።

ሄርሞን ዛሬም ባሕር አልገባችም።

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ለተስላሴ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? ጋሽ ሀይለማርያምስ ስኳሩ እንዴት አድርጓቸዋል? አሰብ በጥር ሙቀቱ ለሰው ይመቻል፤ ነፋሱ ግን እንደ ድሮው የሰው ቆርቆሮ እየገለበጠ ይሆናል። እኔና እንቁ ደህና ነን። ከብርዱ በቀር ክፉ ነገር አልነካንም። ናፍቆትሽ ግን አለ፤ እሱን ጤና ነው አልልሽም።

ባለፈው ደብዳቤሽ ልጅቷን ከባሕር አውጣት ብለሽኝ ነበር። “ምን ልታመጣ ነው የምትገባው፣ ዓሣ አለባት?” ብለሽ ጽፈሻል። እንቁ አንብባ በሳቅ ሞተች። ስለዚህ ከላይ ያለው ወሬ ደስ ሳይልሽ አይቀርም። እኔን ግን ደስ አላለኝም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ልጃችን ሄርሞን ትምህርቷን ጨርሳ ካሊፎርኒያ ሥራ መያዟን ታውቂያለሽ። ኦሽንሳይድ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ አንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ነው የምትሠራው። ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት ሰርፊንግ የሚሉትን ትጫወታለች። ከቁመቷ የሚበልጥ ሰሌዳ ይዛ ወደ ውስጥ ትዋኛለች፤ ማዕበሉ ሲነሳ ሰሌዳው ላይ ቆማ እስከ ዳር ትንሸራተታለች። ከዚያ ተመልሳ ትገባለች። በቃ ይኸው ነው። መጀመሪያ ሳይ እኔም እንዳንቺ ነው ያልኩት።

እኔ አሰብን ከለቀቅሁ ወዲህ ባሕር በዓይኔ አላየሁም። ዴንቨር ከየትኛውም ባሕር የራቀች ከተማ ናት። ሥራዬ ኤርፖርት ውስጥ መራመድ የማይችል ሰው በዊልቸር መግፋት እንደሆነ ጽፌልሻለሁ። ለሄርሞን ከተማ ቅርብ ወደሆነችው ወደ ሳን ዲዬጎ የሚሄዱትንም በየቀኑ አደርሳለሁ። አንዲት አሮጊት አንድ ቀን “አንተስ እዚያ ደርሰህ ታውቃለህ?” ብለው ጠየቁኝ። “እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ” አልኳቸው።

ኦሽንሳይድ ባሕር ዳር ላይ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ካሜራ አለ። ባሕሩን ሳያቋርጥ ያሳያል፤ ስልኬ ላይ ከፍቼ አየዋለሁ። ከሥሩ ትንበያ ይጽፋሉ፤ ማዕበሉ ምን ያህል እንደሚነሳ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ውሃው መቼ እንደሚሞላና መቼ እንደሚሸሽ። ወደ ሥራ ስሄድ ባቡር ውስጥ ሆኜ እከታተላለሁ። ሄርሞን እንደማያት ታውቃለች። ከውሃው ስትወጣ ሰሌዳዋን አሸዋው ላይ ትጥልና ሁለት እጇን ወደ ካሜራው ታነሳለች። አባታችን ከባሕር ሲመለስ ከጀልባው፣ ከሳምቡኩ ላይ እጁን እንደሚያነሳልን ነግሬያት ነበር፤ ከዚያ የወሰደችው ነው። ስልኩ ላይ ከጥፍር አትበልጥም፣ ፊቷም አይለይም። እኔም ባቡር ውስጥ እጄን አነሳለሁ። ሰው ዞሮ ያየኛል።

መጀመሪያ ላይ ትንበያውን ገልብጬ ነበር የማነበው። ባሕሩ እንደ ሰሃን ለጥ ሲል “መጥፎ” ብለው ይጽፋሉ፤ ማዕበሉ ጣሪያ አክሎ ሲነሳ “ጥሩ” ይላሉ። እኔ የአባቴ ልጅ ነኝ፤ ጥሩ ባሕር የምለው ሳምቡክ ወጥቶ የሚመለስበትን ነው። “መጥፎ” ባሉ ቁጥር በማለዳ ደውዬ ዛሬ እንዳትገቢ እላታለሁ። “ጥሩ” ሲሉ ተመስገን ብዬ ሥራዬን እሠራለሁ። አንድ ቀን ሳቋን መያዝ አቅቷት “ባባ፣ ዛሬ እኮ ፍላት ነው፣ ማዕበል የለም፤ ዳክዬ እንኳ ይደብረዋል” አለችኝ። እድሪስ፣ ያ ታክሲ የሚነዳው የምጽዋ ልጅ፣ ይህን ሰምቶ “የአሰብ ሰው ባሕር አያውቅም ሲሉኝ አላምንም ነበር” አለ። ምጽዋዎችን ታውቂያቸዋለሽ።

ከዚያ በኋላ በስልክ አስተማረችኝ። እነሱ ጋ ማዕበሉ የሚሰበረው አለት ላይ ሳይሆን ውሃው ሥር በተከመረ አሸዋ ላይ ነው። አሸዋው ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ወጀብ ሲያልፍ ይዞት ይሄዳል፤ ትናንት የሚያምር ማዕበል የነበረበት ቦታ ዛሬ ባዶ ይሆናል። ነፋስ ከየብስ ሲነፍስ የማዕበሉን ፊት ያስተካክለዋል፤ ከባሕር ሲነፍስ ያፈርሰዋል። አንዱ ማዕበል ካለፈ በኋላ ሌላው ቆይቶ የሚመጣ ከሆነ፣ ያ ከሩቅ የተነሳ ነው፤ ጉልበት አለው። አላስካ አጠገብ የተነሳው ወጀብ ራሱ እዚያው ሞቶ ይቀራል፤ ማዕበሉ ግን ከቀናት በኋላ እሷ ደጅ ይደርሳል። ያንቺም ደብዳቤ እንደዚያው ነው የሚደርሰኝ። ደግሞ ትንበያ ሁሉን አያውቅም ትለኛለች፤ አሸዋው የት እንዳለ ለማወቅ ሄዶ ማየት ነው።

ይህን የብርድ ወቅት ሙሉ ስትጠብቀው የነበረው ማዕበል በዚህ ሳምንት መጣ። ገና መንገድ ላይ እያለ ደውላ “ባባ፣ ማክሰኞ እንዳያመልጥህ፣ እየኝ” አለችኝ። ማክሰኞ ከፈትኩ። ነፋሱ ከየብስ ነው። ማዕበሉ እየተጠቀለለ ይመጣል። ሰዎቹ ሰሌዳቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሽቦ ላይ እንዳረፈ ወፍ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። እሷ የለችም። ረቡዕም የለችም። ትናንትም። ብደውል አታነሳም፤ “ደህና ነኝ ባባ፣ ቢዚ ነኝ” ብላ ትጽፍልኛለች። እድሪስ “ወጣት አይደለች፣ እንቅልፍ ጥሏት ነው” አለኝ።

እንቁ ደግሞ “ማዕበሉን ምን ትጠይቀዋለህ፣ ልጅህን ጠይቃት እንጂ” አለችና ራሷ ደወለች። ለእናቷ አነሳች። ከዚያ እንቁ ፊቷ በርቶ መጥታ፣ ልጅቷ ደህና መሆኗን፣ ያልገባችውም ባሕሩ ስለተኛ መሆኑን ነገረችኝ። “ይኸው! አንተ እዚህ የባሕር መሥሪያ ቤት ከፍተህ ትጨነቃለህ” አለችኝ።

ባሕሩ አልተኛም። እሷ ይህን ስትነግረኝ ስልኩን በእጄ ይዤ እያየሁት ነበር። ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። የአረጋውያን መኖሪያ የሌሊት ሥራዋ ሊደርስ ስለሆነ ልቧን ላስደነግጠው አልፈለግኩም።

እትዬ፣ ሄርሞን ውሸት አታውቅም። ሰው ታሞ ይዋሻል፣ ከሥራ ተባሮ ይዋሻል፣ ልቡ ተሰብሮም ይዋሻል። የቱ እንደሆነ አላውቅም። ድሮ እንደማነበው ባነበው ኖሮ ዛሬ ተመስገን ብዬ ነበር የምውለው። ከቤታችን ሰው ይህን ውሸት ለይቼ የማውቀው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ታውቃለች፤ ያስተማረችኝ ራሷ ናት። ሳታስብ አምልጧት ይሁን፣ ወይስ በእናቷ በኩል ወደ እኔ የላከችው፣ እሱንም አላውቅም።

ይህን የምጽፍልሽ ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ውስጥ ጎማ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ዛሬ ዕረፍቴ ነው፤ በረዶ ስለጣለ ጎማ ላስቀይር መጣሁ። ከመስኮቱ ባሻገር በምዕራብ በኩል ተራሮቹ ነጭ ሆነው ይታያሉ። ሰው ሁሉ ያምራሉ ይላል። ባሕሩ ከእነሱ ጀርባ፣ በጣም ርቆ ነው ያለው። አሁንም ካሜራውን ከፈትኩ። ማዕበሉ አለ፣ ሰዎቹም አሉ። አሸዋው ላይ ግን አንድ ሰው ሰሌዳ ሳይዝ፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ከጥፍር አይበልጥም፣ ፊቱም አይለይም። ጠበቅኩ። እጅ አላነሳም። እሷ ናት ብዬ አልምልም። አይደለችም ብዬም መማል አልቻልኩም።

እድሪስ ይህን ደብዳቤ ሊቀበለኝ መጥቶ ደጅ ላይ ጡሩምባ ያሰማል፤ እህቱ ነገ ወደ አስመራ ስትነሳ ትይዝልኛለች። የጎማ ቤቱ ሰውዬ ገና ሁለት ጎማ ይቀራል፣ ቁጭ በል ይለኛል። ቁልፉን ለእሱ እተወዋለሁ። መኪናውን እድሪስ ለእንቁ ያደርስላታል፤ ለእሷም ከመንገድ ደውዬ እውነቱን እነግራታለሁ። እድሪስን አሁን ኤርፖርት ውሰደኝ እለዋለሁ። ዛሬ ማንንም አልገፋም፤ በበሩ አልፋለሁ።

ከባሕር አውጣት ያልሽኝን እንግዲህ አልችልም። እንድትመለስበት ጸልዪልኝ።

ለጋሽ ሀይለማርያም ጉልበታቸውን እንደምስም ንገሪልኝ። ሰርካለምን ከነልጇ ሳሚልኝ። ለጎረቤታችን ለአፀደም ሰላም በያት፤ መረቡን የሚጠግንላት ሰው አገኘች ወይ? አንቺ ደግሞ ይህ በደረሰሽ ማግስት ጠዋት ደጅ ወጥተሽ ባሕሩን ስታዪ፣ አንዴ እጅሽን አንሺልኝ።

እድሪስ ወርዶ መስኮቱን እያንኳኳ ነው። ወጣሁ።

ወንድምሽ ኣፍሮም
አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.