እኛን ያከበሩ ዕለት

ይድረስ ለውድ ባልንጀራዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ምግብ ትበያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ነካክተሽ ትመልሻለሽ? ልጅሽ፣ ምራትሽ፣ የልጅ ልጆችሽ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ከወገቤና ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤን ሐኪም ያውቀዋል። ንዴቴን ግን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ ብዬ ብዕር አነሣሁ። ምራትሽ ይህን ስታነብልሽ ቀስ ትበል። የምሳደብበት ቦታ ስትደርስም እንዳትዘል ንገሪያት።

ቤተ መጻሕፍቱ አከበረን። እንዲህ ያለ አክብሮት ለጠላቴም አይድረሰው።

ከሥሩ ልጀምርልሽ። ከገበያው ጀርባ ያለው ቤተ መጻሕፍት፣ ፎቁ ላይ፣ መስኮቷ ወደ ጓሮ የምታይ ጠባብ ክፍል አለችው። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት እዚያ ተሰብስበን አንዳችን ድምፅ አውጥተን እናነባለን፣ ሌሎቻችን እናዳምጣለን። ክፍሏን ለምነሽ ያስፈቀድሽው አንቺ ነሽ። የድሮዋ ኃላፊ ጡረታ ስትወጣ ቁልፉን መዳፍሽ ላይ አስቀምጣ ነው የሄደችው። ብዙውን ጊዜ የምታነቢልንም አንቺ ነበርሽ፤ ዕድሜሽን ሙሉ ስልክ ማዞሪያ ቤት ሰው ከሰው ስታገናኚበት በኖርሽው ድምፅ። አንቺ ልጅሽ ዘንድ ከሄድሽ ወዲህ ሦስት ቀርተናል። እኔ አዋላጇ አለሁ። ጡረታ ወጥቶም መሪ ያልለቀቀው የአውቶቡስ ሹፌር አለ፤ አንባቢ ሁለት መስመር ሳይሄድ «ቆይ፣ ቆይ» እያለ ስለሚያስቆም «ፍሬን» ያልሽው አንቺ ነሽ። ልብስ ሰፊዋም አለች። ዐይኗን ጨፍና ታዳምጣለች፣ ተኛሽ ወይ ስንላት ትቆጣለች።

አዲሱ ኃላፊ ወጣት ነው። ሸሚዙ እጥፋቱ እጅ ይቆርጣል። አንገቱን ሰበር አድርጎ «እናቶቼ፣ አባቴ» ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው መስደብ እንዴት እንደሚያስቸግር ታውቂያለሽ፤ የሚበድልሽ እየሳቀልሽ ነው። ዕድሜውን ስገምተው እኔ ሳዋልድ በነበረበት ዘመን የተወለደ ነው። እጄ ላይ ወጥቶ ከሆነ፣ እንዲያለቅስ መታ ሳደርገው እጄ ሰንፎ ነበር ማለት ነው።

አንድ ቀን ፎቅ ድረስ ወጥቶ የአረጋውያን የንባብ ቀን ሊያከብርልን እንደሆነ ነገረን። ምን ቢደረግላችሁ ደስ ይላችኋል ብሎም ጠየቀ። እኔ ፊደላቸው ደመቅ ያለ መጻሕፍት ይገዙልን፣ የተቃጠለው አምፖልም ይቀየር አልኩ። ልብስ ሰፊዋ መደገፊያ ያለው ወንበር ጠየቀች። ፍሬን ሌላው ቢቀር ክፍሏን አትንኩብን አለው። ልጁ ሁሉንም «በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ» እያለ ሰምቶ ወረደ።

ዕለቱ ደረሰና ሄድን። የምድር ቤቱን አዳራሽ በፊኛ ሞልተውታል። ፊት ለፊት ደርድረው አስቀመጡን፣ በየትከሻችን ላይ ጨርቅ አጋደሙብን፣ ፎቶ አንሺው ሳቁ እያለ ነዘነዘን። ቀጥሎ ሕፃናት ገብተው ስለ አንድ ሰነፍ ጥንቸል አነበቡልን። ልጆቹ ምን በወጣቸው፤ ሽማግሌ አይሰማም ተብለው ኖሮ ጉሮሯቸው እስኪነቃ ጮኹ። ፍሬን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ይህ ጥንቸል መንጃ ፈቃድ እንዳለው ጠየቀኝ። እስከዚህ ድረስ ስቄ ነበር።

ከዚያ ወረቀትና ባለ ቀለም እርሳስ አደሉን። ያደጋችሁበትን ቤት ሣሉ ተባልን። ስንቱን ሙሽራ በዐይኗ ለክታ ያለበሰች ልብስ ሰፊ፣ አንዲት ክብ ብትሥል በዕድሜ የልጅ ልጇ የምትሆን ሠራተኛ ጭንቅላቷን ዳበስ አድርጋ «ጎበዝ» አለቻት። ጎበዝ! ሴትዮዋ ዐይኗን ገልጣ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልነካችም። ደሜ መፍላት የጀመረው ያኔ ነው።

መጨረሻ ላይ ኃላፊው ድምፅ ማጉያውን ይዞ ተነሣ። ወላጆቻችን ደረጃ ሲወጡ ሳይ ልቤ ይደማል አለ። ስለዚህ የላይኛዋ ክፍል የኮምፒውተር ክፍል ትሆናለች። እኛ ደግሞ ምድር ቤት፣ የሕፃናቱ ማዕዘን፣ እነዚያ ጉልበት አገጭ የሚያስነኩ ወንበሮች ላይ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት በሚሆኑበት ሰዓት እንድንጠቀም ተፈቅዶልናል። ይህ ስጦታችን ነው አለ። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። አጨብጭበውም አላበቁ፤ በሁሉም ስም አመስግኚ ብለው ድምፅ ማጉያውን ለእኔ ሰጡኝ።

ለእኔ። አስቢው።

«ልጄ፣» አልኩት፣ «ደረጃው ከብዶን አያውቅም። የከበደን አሁን የተናገርከው ነው።»

በዚህም አላቆምኩም። የንባብ ቀን ብላችሁ ጠርታችሁን ሰው ሁሉ አነበበልን፣ እኛን ግን አንድ ሰው እንኳ አንብቡልን አላለንም አልኩ። ከቦርሳዬ የጀልባ ቀዛፊውን መጽሐፍ አወጣሁ፤ ያንን አንቺ ጀምረሽልን የሄድሽውን ወፍራም ልብወለድ። ሹማምንቱ ወንዙ ዳር መጥተው፣ እንግዲህ አርጅተሃልና ዕረፍ፣ ድልድይ ልንሠራ ነው የሚሉትን ቦታ ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ።

ልጁ እየሳቀ መጣና ሰዓት አልቋል ብሎ ድምፅ ማጉያውን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። ይሄኔ ፍሬን ተነሥቶ መሃላችን ገባ።

«ቆይ፣» አለው። «እሷ ስታነብ ማስቆም የሚፈቀደው ለእኔ ብቻ ነው።»

ምዕራፉን ጨረስኩ። ያጨበጨበ ሰው ጥቂት ነው። ደስ አለኝ፤ ያን ቀን የጠገብኩት ጭብጨባ ነበር።

ታዲያ አፍሮ ይተዋል ብለሽ እንዳትገምቺ። በሚቀጥለው ሐሙስ ብንሄድ የክፍላችን በር ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ ጠበቀን። እኛም ወደ ሕፃናቱ ማዕዘን አልወረድንም። ለእኛ ከባድ ነው በተባለው ደረጃ ላይ ከላይ እስከ ታች ተደርድረን ተቀመጥንና ማንበብ ጀመርን። የሚወጣ የሚወርደው አንቀጹ እስኪያልቅ ይቁም፤ ፍሬን እጁን ዘርግቶ ትራፊክ ፖሊስ ሆነ። አንዱ ባለ ክራቫት እብዶች ብሎን ተመለሰ። ሌሎች ግን ቆመው መስማት ጀመሩ፣ ሲደክማቸው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ባለው ሐሙስ ደረጃው ጠበበን። ቀጥሎ ስንመጣ በሩ ተከፍቶ፣ ቁልፉ እላዩ ላይ ተሰክቶ አገኘነው። ኮምፒውተሮቹ እንደታሸጉ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አምፖሉ ተቀይሯል። ልጁ እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ሲያየኝ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል። እኔም ይቅር አላልኩትም። ያንን የክብር ጨርቅ አልዘጋ ላለኝ ቁም ሣጥኔ ማሰሪያ አድርጌዋለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ንዴቴ ልምጣ።

በሩ የተከፈተ ዕለት እቤት እንደገባሁ ስልክ ደወልኩልሽ። አንቺው ራስሽ አነሣሽው። ሳልተነፍስ ሁሉንም ዘረገፍኩልሽ፤ ጥንቸሉን፣ ጓጉንቸሩን፣ ደረጃውን። እስከ መጨረሻው አዳመጥሽኝ። ከዚያ በዚያ በሚያምረው ድምፅሽ፣ «በጣም ደስ ይላል፣ እርስዎንም ፈጣሪ ይስጥልን። ማን ልበል?» አልሽኝ።

እርስዎ። በተዋወቅን ቀን ሳታስፈቅጂ አንቺ ያልሽኝ ሴትዮ፣ እርስዎ አልሽኝ።

ስልኩን ዘጋሁት። የተጠረገ ቤት እንደገና ጠረግሁ። የታጠበ ዕቃ አጠብሁ። በማን ላይ እንደተቆጣሁ እንኳ አላውቅም፤ የምቆጣበት ሰው ባገኝ ኖሮ እፎይ ባልኩ። ኋላ ምራትሽ መልሳ ደወለች። ልጅቷ አልቅሳ ነበር። አይቀየሙን አለችኝ፣ ቀጥላም ወሬም ንባብም እያደከማት ስለሆነ ባያስቸግሯት አለች። እሷን ንባብ አያደክማትም፣ የሚያደክማት ዝምታ ነው አልኳት። ጮኬባትም ይሆናል። አሁንም እያነበበችልሽ ከሆነ ጤናዋን ይስጣት፣ ልፋቷን አላጣሁትም፣ ያልኩትን ግን አልመልሰውም።

ሐሙስ ዕለት ነገርኳቸው። ቀዛፊውን አጋምሰነዋል፣ መጨረሻውን ለማወቅ ሁላችንም ቸኩለናል። ልብስ ሰፊዋ ዐይኗን ሳትገልጥ «እንግዲያ ከመጀመሪያው እንጀምርላት» አለች። ይህ መጽሐፍ እንደ ዔሊ ይሄዳል እያለ ሲያማርር የከረመው ፍሬን፣ አንዴም ቆይ ሳይል ባርኔጣውን አንሥቶ የአውቶቡስ ሰዓት ሊጠይቅ ወጣ።

ስለዚህ የፊታችን ሐሙስ እንመጣለን፣ ሦስታችንም። ፍሬን ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጦ መንገዱን ሁሉ ሲያርመው ይመጣልሻል፤ ሹፌሩን ፈጣሪ ይርዳው። ለምራትሽ ወንበር ብቻ ታዘጋጅ በያት፣ ሌላ ድግስ አንፈልግም። ሊያደክምሽ የመጣ ሰው የለም። መስኮት አጠገብ ትቀመጫለሽ፣ እኛ ከመጀመሪያው ገጽ እንጀምራለን። ማንበብ ካማረሽ መጽሐፉን ተቀበይኝ። ካላማረሽ ስሚ። ማን ናችሁ ብትዪ እነሱ አይከፋቸውም። እኔ ይከፋኛል፤ ቢሆንም አነብልሻለሁ።

እስክንደርስ ደጃፍሽ ክፉ አይርገጠው። እንቅልፍሽ ይጣፍጥሽ፣ የሚወዱሽ ሰዎች ድምፅ ከጆሮሽ አይራቅ።

አንቺ የምትዪኝ
ባልንጀራሽ