ማንም የማይጠይቀው የትምህርት ዕድል

ሐምሌ 3 ቀን 1979

ዝናብ። ጠዋት ገበያ ሄጄ እማዬን ሽንኩርት መደርደር አገዝኳት። ከዚያ የአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት። ማትሪኬ ሁለት ነጥብ አራት... ዩኒቨርሲቲ አያስገባም። የክፍል ጓደኛዬ ባየሽ አለማያ ደርሷታል። እንኳን ደስ አለሽ ሳልላት አለፍኳት።

በሩ ላይ ለሶቪየትና ለቡልጋሪያ የሚመዘገበው ይጋፋል። ሁሉም ነጥባቸው ከኔ ይበልጣል። ልመለስ ስል ጸሐፊው ኦቦ ኤጄታ ጠሩኝ። በቅርቡ ከነቀምት ተዛውረው የመጡ ናቸው፤ እኔንም ቤተሰቤንም አያውቁም።

"እዚያ ምን ያጋፋሻል? ማንም የማይጠይቀው አንድ አለ። ንግድ ሥራ ኮሌጅ፣ ሁለት ዓመት፣ ማደሪያውም ምግቡም ተችሎ። አንድ ማኅበር ነው የሚሰጠው። ለአውራጃችን አንድ ቦታ። አምናም ካቻምናም ባዶውን ቀረ።"

"ለምን?"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ልጆች ነው። ማን መጥቶ እናቴ ቆማጣ ናት ይላል?"

ሐምሌ 5

ለእማዬ ነገርኳት።

እህት አላት፤ ታላቋ ናት። ድንቅቱ። ጎጆ በምትባል ከተማ ብቻዋን ትኖራለች። በሽታው ጣቶቿን በልቷቸዋል። መድኃኒቱን ጨርሳለች፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ አይተላለፍም ብሏል። ግን አምቦ ውስጥ እማዬ እህት እንዳላት የሚያውቅ የለም። እህት አለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሲኖር "ሞታለች" ትላለች። እኔም ያየኋት በልጅነቴ አንዴ ነው።

ሰሃን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ "ድንቅቱ ልጅ የላትም" አለች። ሌላ አልጨመረችም። የእሷ ልጅ ነኝ እንድል መፍቀዷ ነው። ምን ዓይነት ሰዎች ነን?

ሐምሌ 9

ጎጆ። ከጊንጪ ወዲያ መንገዱ ጭቃ ብቻ። የጭነት መኪናው እየተያዘ ወርደን ገፋን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

አክስቴ በሯ ላይ ቆማ "የማን ልጅ ነሽ?" አለችኝ። የእህትሽ፣ አልኳት። በመዳፏ አፏን ያዘች። "ሴኒ፣ ሴኒ! ግቢ!" እያለች አስገባችኝ። የተቀቀለ ድንች አቀረበች። በልቼ ነው የመጣሁት አልኩ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም! እናቴ ሁኚልኝ ልላት መጥቼ ድንቿን ተጸየፍኩ። ገብቷታል። ምንም ሳትል ሰሃኑን ወደ ራሷ ሳበችው።

ነገሩን ስነግራት ሳቀች። "እንግዲህ በስተርጅና ልወልድ ነው!" ከዚያ ሳቋን ተወችው። "ሰው ፊት እንዳይጠፋብሽ፣ እስቲ አሁን አዮ በይኝ።"

አዮ እማዬን የምጠራበት ነው። አልኳት። ዞር ብላ እሳቱን ቆሰቆሰች። ጭስ የለም፤ ዓይኗን ግን ጠረገች።

ሐምሌ 16

አምቦ ጤና ጣቢያ። የማኅበሩ ሰዎች ጠየቁን። አክስቴ ያላትን ነጭ ነጠላ ለብሳ መጥታለች። "መቼ ወለድሻት?" አለቻት ነርሷ።

አክስቴ... "በመስከረም። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል። ያኔ ጣት ነበረኝ፤ ፀጉሯን የነካሁት በጣቶቼ ነው። በኋላ ሲብስብኝ እህቴ ወስዳ አሳደገቻት።"

ነርሷ አለቀሰች። እኔም። ምስክር እናምጣ ወይ ብል ከማኅበሩ ሰዎች አንዱ ሽማግሌ "በዚህ ደግሞ ማን ይዋሻል?" አሉ።

ስንወጣ አግዳሚው ላይ አንድ ወጣት፣ አጠገቡ አባቱ በክራንች። አንድ እግራቸው የለም። ቀንዓ ይባላል፣ ከጌዶ ነው የመጡት። "ተወዳዳሪ የለም ብለውኝ ነበር" አለ ፈገግ ብሎ። እኔንም፣ አልኩት። ነጥቡን ጠየቅኩት። ሁለት ነጥብ ሁለት። እፎይ አልኩ። እፎይ! እኚያ ሰውዬ ፊት ቆሜ...

ሐምሌ 24

ስሜ ወጣ። እማዬ በሩን ዘግታ እልል አለች።

ነሐሴ 4

ቀንዓን ገበያ አገኘሁት። እዚሁ አምቦ የቀን ሥራ ይዞ ለአንድ ሱቅ ጨው ያወርዳል። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጨበጠኝ። "እንኳን ደስ አለሽ። አባዬ አዝኖ ነበር። ምናለበት፣ ከኛ ሰው አንዷ አለፈች አልኩት።"

ከኛ ሰው... አመሰግናለሁ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ቦታውን ወስጄበት ምርቃቱን ተቀበልኩ።

ነሐሴ 7

እውነቱን ልናገር ቆረጥኩ። አስቀድሜ ግን ለአክስቴ ልንገራት ብዬ ጎጆ ወጣሁ። ሰማችኝ።

"ልጇ አይደለሁም ልትያቸው ነው?"

"ቦታው የቀንዓ ነው እኮ አክስቴ..."

"እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።"

ልጄ ኮሌጅ ልትገባ ነው ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች። ጎጆ የመጣችው ከታመመች በኋላ ስለሆነ ልጅ አልነበረሽም የሚላት የለም። ጎረቤቷ አሰፋሽ እስከ ዛሬ በአጥር ላይ ብቻ ነበር የምታናግራት። እንኳን ደስ አለሽ ልትል መጣች። "ገብታ ተቀመጠች" አለችኝ አክስቴ። "ቤቴ ገብታ።"

ብናገር እሷን መልሼ ብቻዋን ላስቀራት ነው። ዝም ብልስ?

ነሐሴ 12

ኦቦ ኤጄታ ዘንድ ሄድኩ። አልማርም፣ ቦታው ለተከታዩ ይሁን አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ምክንያትሽ?"

"እናቴ ታማለች። ጥያት አልሄድም።"

"እናትሽ መቼ ጤነኛ ነበረች?"

አዩኝ፣ አዩኝ... ስሜን ሰረዙና የቀንዓን ጻፉ። በውሸት ገብቼ በውሸት ወጣሁ። ያዳንኩት አክስቴን ነው ወይስ ራሴን?

እማዬ ስትሰማ "እህቴን ከተደበቀችበት ያወጣሁልሽ ለዚህ ነው?" አለች። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም።

መስከረም 22 ቀን 1980

ጎጆ ነኝ። ለመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ይፈለጋል ሲባል መጣሁ። የማድረው አክስቴ ጋ ነው። ጥያት አልሄድም ብዬ ስለነበር ይሆን? ቀንዓ አዲስ አበባ ገባ አሉ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቀናሁ። አፈርኩ። እማዬ ደግሞ አምቦ ብቻዋን ናት። ሥራ አግኝታ ነው የሄደችው ትላለች አሉ፤ ማን ጋ እንዳለሁ ግን አትናገርም። አንዷን ልጅ ላለማሳጣት ሌላዋን አሳጣኋት።

ጥቅምት 5

እማዬ መጣች። ከጭነት መኪና ወርዳ ጭቃው ውስጥ ቆማ አየኋት። ሮጥኩ። አልሳመችኝም። "ወደ ድንቅቱ ውሰጂኝ" ብቻ አለች።

አሰፋሽ ከአክስቴ ጋር ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። አክስቴ እህቷን ስታይ ባቄላውን ደፋችው።

"ድንቅቱ፣ ልጅሽ እንግዳ ይዛ መጣች" አለች አሰፋሽ። ወደ እማዬ ዞራ "እርስዎን ማን ልበል?"

እማዬ 'ልጅሽ' የሚለውን ሰምታለች። እኔን አየች። የአክስቴን እጆች አየች። አሁን ትናገራለች አልኩ። ትናገር፣ መብቷ ነው...

"እህቷ ነኝ" አለች። ለሰው ስትል ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ወደኔ ሳትዞር፣ "የዚች ልጅ አክስት።"

ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ትከሻ ለትከሻ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ውኃ ላቅርብላት ፈለግኩ፤ አሰፋሽ እየሰማች ምን ብዬ እንደምጠራት ግን ጠፋኝ።